ፊኒክሷ ትጠገን ወይስ ትለወጥ? የአሮጌ ሳይክል ሒሳብ በጓሳ ዳገትና በከተማ ሜዳ



ሰሞኑን «እናንተ ኢንጂነሮች» እየተባልን ከምንጠየቃቸው ነገሮች መካከል፣ ከስልክ ስክሪንና ከላፕቶፕ ቻርጀር ቀጥሎ የሚመጣው የአሮጌ ሳይክል ጉዳይ ነው። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንድሞች አሉ፤ ለክላስም ለፈጅር ሶላትም የሚመላለሱት በሳይክል ነው። አንዳንዱ ሳይክል ከነጂው በዕድሜ ይበልጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የእኛም መልስ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የት ነው የሚነዳው?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን ግን የአንድ የመንዝ ወንድማችን ጉዳይ ነው። አባቱ (አላህ ይዘንላቸው) ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠሩ በነበረ ጊዜ የገዟት ፊኒክስ ሳይክል አለች። ጡረታ ሲወጡ በአውቶብስ ጣራ ላይ ጭነው ወደ አገራቸው ይዘዋት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነዳችም። ወንድማችን ዘንድሮ ይመረቃል፤ ጓሳ አካባቢ መምህር ሆኖ መሥራት ይፈልጋል። ካሰበው ትምህርት ቤት እስከ ቤታቸው 7 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠር መንገድ ነው፤ ዳገትም ቁልቁለትም አለበት። «የአባቴን ሳይክል አድሼ ብመላለስባትስ?» አለን። ሰው ሁሉ «ጣላት» ብሎታል። እኛ ደግሞ ሳናይ መፍረድ አልፈለግንም።

መጀመሪያ ሳይክሏ ምን ዓይነት እንደሆነች እንነጋገር፤ የዚህ ዓይነት ሳይክል በአገራችን ብዙ ስለሆነ ለሌሎችም ይጠቅማል። ፊኒክስ የሻንጋይ ሥራ ነች። ፍላይንግ ፒጅን የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በቲያንጂን የተሠራ ነው። ሂሮ እ.ኤ.አ. በ1956 በህንድ ሉዲያና ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ምርት ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ አያታቸው እንደ ራሌይ ያሉ ኩባንያዎች ይሠሩት የነበረው የእንግሊዝ የመንገድ ሳይክል ነው። ትልቅ ባለ 28 ኢንች ጎማ፣ ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን፣ ካቴናውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ላሜራ፣ ከኋላ ኩንታል ቢጫንበት የማይነቃነቅ መጫኛ። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ማርሽ የለውም። ይህ ሳይክል የተሠራው ለሜዳ አገር ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ወደ ፋብሪካ፣ ማታ ወደ ቤት።

ስለዚህም ነው በአማራ ክልል ሳይክል የከተማ ባህል ሆኖ የምናገኘው ባሕር ዳር ላይ የሆነው። ባሕር ዳር በጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በሳይክል ሲሄድ ማየት እዚያ ወሬ አይደለም። ሐዋሳም እንደዚሁ። ኮምቦልቻም የወንድማችን አባት የሠሩበት ሠፈር ሜዳ ነበር። ጓሳ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ሌሊት በበጋ ውርጭ ይወርዳል፣ በክረምት ጉም አይለቅም። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለጣራ ክዳንና ለገመድ ያውለዋል፣ ለዘመናትም በቄሮ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመጓጓዣ ግን መንዝ ፈረስና በቅሎ እንጂ ሳይክል የለመደ አገር አይደለም፤ ምክንያቱንም ሒሳቡ ላይ እናየዋለን።

ከሒሳቡ በፊት ምርመራ። አሮጌ ሳይክል የሚታየው ከቀለሙ ሳይሆን ከአጽሙ ነው።

ብረት ትልቅ ጸጋ አለው፦ የሚደርስበት ጫና ከተወሰነ መጠን እስካላለፈ ድረስ ድካም አያጠራቅምም። አሉሚኒየም እንዲህ አይደለም፤ ትንሽ ትንሹን ጫና ሁሉ እየቆጠረ ይኖራል። ስለዚህ የ40 ዓመት የብረት ሳይክል «አርጅቷል» ተብሎ ብቻ አይጣልም። የሚገድለው ዝገት፣ ግጭትና መጥፎ ብየዳ ነው። ዝገቱን ለማየት የኮርቻውን ዘንግ ነቅላችሁ ሳይክሉን ገልብጡት፤ ዝገት እንደ በርበሬ ከዘነበ በውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ግጭት የነበረበት ሳይክል መሪው ከሚያርፍበት ቧንቧ ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ብረቱ እብጥ ያለ ሆኖ ይገኛል። ጣታችሁን አስኪዱበት፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ያገኘዋል።

መጣመሙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሲባጎ ይበቃል። የኋላውን ጎማ አውጡ። ሲባጎውን ጎማው ከሚታሰርበት የቀኝ ጆሮ ጀምራችሁ፣ በፊተኛው የመሪ ቧንቧ አዙራችሁ፣ ወደ ግራው ጆሮ መልሳችሁ ወጥራችሁ እሰሩት። ከዚያ በኮርቻው ቧንቧና በሲባጎው መካከል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆነ ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም። አምስትና ስድስት ከሆነ ተጣሟል። የወንድማችን ፊኒክስ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ለየች፤ እኛው ተደነቅን።

ካቴናውም በማስመሪያ ይለካል። የሳይክል ካቴና ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ግማሽ ኢንች ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ፒን ተነስታችሁ 24 ብትቆጥሩ አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ 30.8 ከደረሰ በቅቶታል፤ ከዚያ በላይ ብትነዱት ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል፣ ያኔ አንድ ሳይሆን ሦስት ዕቃ ትገዛላችሁ።

ፔዳሉ በየዙሩ «ቋ» የሚል ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኩሽኔታ አይደለም። በነዚህ አሮጌ ሳይክሎች የፔዳሉን ክንድ ከመሃሉ ዘንግ ጋር የምታስረው አንዲት ትንሽ ሽብልቅ ነች። እሷ ስትላላ ድምፅ ታሰማለች። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ ላልታ እያለ ከተነዳ ግን የክንዱን ቀዳዳ ታሰፋዋለች፣ ክንዱም ይሞታል። ስትገዙ አሮጌዋን ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ ውፍረቷ ከሳይክል ሳይክል ይለያያልና። መካኒኩ በመዶሻ ሲመታት ክንዱን ከሥር በእንጨት ወይም በብረት ቧንቧ መደገፉን እዩ፤ ካልደገፈ ምቱ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ነው የሚያርፈው።

የሳይክሉን ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ግን ጎማ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 40-635 የሚል ከሆነ 635 የቸርኬው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌዎቹ 28 ኢንች ይህ ነው። ገበያ ላይ «28 ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሌላ ጎማ አለ፣ ቁጥሩ 622 የሆነ። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፣ በምንም ጉልበት አይገባም። ከመጠገናችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ 635 ጎማና ካላማዳሪ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ፣ ሁሉ ነገሩ ደህና የሆነ ሳይክልም በአንድ የተቀደደ ጎማ ዕቃ ቤት ይገባል።

ብየዳን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፦ መጫኛና ፓራፋንጎ የትም ይበየዳል። የፊት ሹካ ግን የትም አይበየድ። ሹካ ከተሰነጠቀ ይለወጣል፤ ቢሰበር ነጂው በጥርሱ ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ ዳገቱ። ነጂው 70 ኪሎ፣ ሳይክሉ 20 ኪሎ፣ በድምሩ 90 ኪሎ እንበል። በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ የጠጠር ዳገት እንውሰድ። ወደ ኋላ የሚጎትተው የመሬት ስበት 53 ኒውተን ያህል ነው፤ የጠጠሩን መንገጫገጭ 13 ብንጨምርበት 66 ይሆናል። ሳይክሉ ከፊት 48 ከኋላ 20 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.4 ጊዜ ይዞራል፣ ሳይክሉም 5.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ጊዜ እግራችን በክብ የሚጓዘው 1.07 ሜትር ብቻ ነው። ሥራው አንድ ስለሆነ እግር የሚገፋው በአማካይ 327 ኒውተን፣ ማለትም 33 ኪሎ የሚመዝን ነገር ያህል ይሆናል። ፔዳሉ ላይና ታች ሲደርስ ግፊት ስለማይሠራ፣ መሃል ላይ የሚያስፈልገው ከ50 ኪሎ ያልፋል። ለአንድ ደቂቃ ማንም ይችለዋል። 3,400 ሜትር ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ በሆነበት ቦታ፣ ለሃያ ደቂቃ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። መምህሩ ክፍል የሚገባው ላቡን እየጠረገ ነው፤ ያም ላብ በጓሳ ብርድ ይደርቅበታል።

«ታዲያ ቀላል ሳይክል ይግዛ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እስኪ እሱንም እናስላው። በ6 ኪሎ የቀለለ ሳይክል ቢገዛና ማርሽ ባይኖረው፣ ግፊቱ ከ33 ኪሎ ወደ 31 ይወርዳል። በአንጻሩ አሮጌዋን ይዞ የኋላውን ጥርስ ብቻ ከ20 ወደ 22 ቢለውጥ ወደ 30 ይወርዳል። አንዲት የጥርስ ቀለበት ከአዲስ ሳይክል በለጠች ማለት ነው! ሰው «ቀላል ነው» እየተባለ የሚከፍለውን ብር ስናይ ይህ ቁጥር ቢለጠፍለት እንላለን። ማርሽ ያለው ሳይክል ግን እውነተኛ ለውጥ ያመጣል፦ የፊትና የኋላ ጥርስ እኩል በሆነበት ማርሽ ግፊቱ ከ15 ኪሎ በታች ይሆናል። ፍጥነቱ ከእርምጃ ትንሽ ፈጠን ያለ ነው፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ይወጣል። በክብደት አትታለሉ፣ ዳገት ካለባችሁ ማርሽ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ «ደጋ ላይ ጎማ ይፈነዳል» የሚባለውን ሰምተን አስልተነዋል። ከባሕር ዳር ከፍታ ወደ ጓሳ ሲወጣ በጎማው ላይ የሚጨምረው ግፊት 2 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነው። ብርዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጓሳ ደርሳችሁ የምትፈልጉት ፖምፓ ነው፣ ማስተንፈስ አይደለም።

ዳገቱን ሰው ወርዶ እየገፋ ሊያልፈው ይችላል፤ ማንም በዚህ አልሞተም። እኛን ያሳሰበን ቁልቁለቱ ነው። የዘንግ ፍሬን ሁለት ትናንሽ ላስቲኮችን በኒኬል በተለበጠ የብረት ቸርኬ ላይ ከውስጥ በኩል ይጫናል። ደረቅ ሲሆን ይሠራል። ቸርኬው ሲረጥብ ግን ላስቲኩ በብረቱ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከዚህ በጣም ይሻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየወረደ ያለ ሰው ፍሬኑ በደንብ ሲይዝ፣ ማለትም በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ሲቀንስለት፣ 12 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። እርጥብ ሆኖ አንድ ብቻ ቢቀንስለት 35 ሜትር ያስፈልገዋል። በ12 እና በ35 ሜትር መካከል ላም ሊኖር ይችላል፣ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ የመንገዱ ጠርዝም ሊኖር ይችላል። ጉሙ ውስጥ ደግሞ 35 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር ማየት የሚቻለው ሁልጊዜ አይደለም።

ሌላም አለ። 90 ኪሎ 100 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባ ኃይል 88 ኪሎ ጁል ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ የሚያሞቅ ያህል። ይህ ሁሉ ከአራት የላስቲክ ቁራጭ ነው የሚጠበቀው። ላስቲኮቹ አዲስ ቢሆኑ፣ ዘንጎቹ ቢስተካከሉ፣ ቸርኬው ቢጸዳ ለከተማ ይበቃል። ለዕለታዊ የጓሳ ቁልቁለት ግን አንመክርም፤ በዚህ ላይ ከመካከላችን የተለየ ሐሳብ ያለው የለም።

ብዙ መካኒኮች የሚሉት ሕግ አለ፦ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ጣለው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ሳይክል አንድ ዓመት ሳይሞላው ራሱ ጥገና ይፈልጋል፤ ስለዚህ መወዳደር ያለበት ከዋጋው ጋር ሳይሆን ከሚያገለግልበት ዓመት ጋር ነው። ሁለተኛ፣ የሚሠራ ዕቃን «ፋሽኑ አለፈ» ብሎ መጣል ኢስራፍ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። በአንጻሩ ደግሞ ለማይሆን መንገድ የማይሆን ሳይክል እየጠገኑ ብር ማፍሰስም ከዚያው ይቆጠራል።

ስለ ልብስም ካነሳን፣ ጀለቢያ ወይም ጂልባብ ለብሶ ለሚነዳ ሰው ካቴናውን የሚሸፍነው ላሜራ ትልቅ ነገር ነው። አዲሶቹ የተራራ ሳይክሎች የላቸውም። መካኒኮች ለሥራ አስቸገረን ብለው አውጥተው ይጥሉታል፤ እንዳታስነኩ። እህቶች ደግሞ መሃል ቧንቧው ዝቅ ብሎ የተሠራውን ፈልጉ፤ እሱም ከአሮጌዎቹ መካከል ይገኛል።

የወንድማችን ጉዳይ አንድ ሌላ ጥያቄ ነበረበት፣ ያውም እሱ ራሱ ያላነሳው፦ ሳይክሏ የማን ናት? የአባት ንብረት ናት፤ ትንሽም ብትሆን ውርስ ናት። ዕዳና ኑዛዜ ካለ ከወጣ በኋላ፣ የአባቱ ወላጆች በሕይወት ስለሌሉ እናቱ አንድ ስምንተኛ አላቸው፤ ቀሪው አምስት ቦታ ተከፍሎ ለሁለቱ ወንዶች ሁለት ሁለት፣ ለእህታቸው አንድ ይደርሳል። ቤት ያለችውን ሳይክል ማን በዚህ ያሰላታል? ትሉ ይሆናል። ማሰሉ ግን አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ በራሱ ብር አድሶ «የእኔ ናት» ካለ በኋላ ነው ቅሬታ የሚመጣው። ደውሎ ጠየቃቸው። እናቱም እህቱም ድርሻቸውን በፈቃዳቸው ኮምቦልቻ አጎቱ ዘንድ 11ኛ ክፍል ለሚማረው ታናሽ ወንድማቸው ተዉለት። ታላቁም እንደዚሁ። ፊኒክሷ ተጠግና ሜዳው ላይ ትነዳለች፦ አዲስ ካቴና፣ ሁለት ሽብልቅ፣ የመሃል ኩሽኔታ ኳሶች ከነግራሶአቸው፣ አራት የፍሬን ላስቲክ። ከጎማ በስተቀር ሌላ አልፈለገችም።

ለራሱ ለመምህሩ የመከርነው ያገለገለ ባለማርሽ የተራራ ሳይክል ነው፣ ጎማው 26 ኢንች፣ ቸርኬው አሉሚኒየም የሆነ። 26 የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ጎማውን መሐል ሜዳ ባያገኘው ደብረ ብርሃን ያገኘዋል ብለን ነው። ያገለገለ ሲገዛ የፊት መንሽ ያለውን ርካሽ ሳይክል ይተው፤ ያ መንሽ ክብደት እንጂ ጥቅም የለውም፣ ሲበላሽም የሚጠግነው የለም። ቧንቧው አሉሚኒየም ከሆነ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ ይይ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ዋጋው ቢረክስም አይግዛ። ፍሬኑን ቸርኬውን ውሃ ረጭቶ ይሞክር፣ ሻጩ ቢስቅበትም። ማርሹን ሁሉንም ለውጦ፣ ከቻለ ዳገት ላይ ነድቶ ይግዛ። በጉም ቀን ቁልቁለቱን ወርዶ በእግሩ ይሂድ።

ሳይክላችሁን ማስመርመር የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ ኢንሻአላህ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ከዙህር ሶላት በኋላ በመስጂዱ አጥር በስተኋላ እንገኛለን። ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ ፒንሳና ፖምፓ እኛ ጋር አለ። ግራሶና ካላማዳሪ ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።